የ«ካውች ቱ ፋይቭ ኬ» ግምገማ፦ ዘጠኝ ሳምንት ሶምሶማ፣ ከሩጫ በኋላ ክራፍት ቢራ

ሮጦ የማያውቅ ሰው «ከየት ልጀምር?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ካውች ቱ ፋይቭ ኬ»፣ ማለትም «ከሶፋ ወደ 5 ኪሎ ሜትር» የሚለው የሩጫ መርሐ ግብር ነው። ዘጠኝ ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ገደማ። ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ሲሆን ሐሳቡ እናቱን ሩጫ ለማስጀመር ነበር። ዛሬ በስልክ መተግበሪያም፣ በድምፅ ቅጂም፣ ማቀዝቀዣ ላይ በሚለጠፍ ሠንጠረዥም ይገኛል። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ መርሐ ግብሩ ጥሩ ነው፤ ጀማሪን ከዚህ የተሻለ አባብሎ ወደ ሩጫ የሚያስገባ ነጻ ነገር በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ሰው የሚፈራው ቦታና ሰውን የሚጥለው ቦታ ለየብቻ ናቸው፤ ይህን ደግሞ ሠንጠረዡ አይነግራችሁም። ከሩጫ በኋላ ስለሚጠጣው ክራፍት ቢራ፣ ማለትም ስለ ትንንሽ ጠማቂዎች ቢራም፣ ምንም አይልም፤ ብዙ ጀማሪ ግን ጫማውን የሚያስረው ያችን ብርጭቆ እያሰበ ነው። ሁለቱን አብሮ መመዘን ይሻላል።

እያንዳንዱ ልምምድ በ5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ ነው፤ ይህ 8 ጊዜ ሲደጋገም 20 ደቂቃ ይሞላል። በሁለተኛው ሳምንት ሶምሶማው 90 ሰከንድ፣ እርምጃው 2 ደቂቃ ይሆናል። ሦስተኛው፦ 90 ሰከንድ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 3 ደቂቃ እርምጃ፣ ይኸው ሁለት ዙር። አራተኛው ሩጫውን 3፣ 5፣ 3፣ 5 ደቂቃ አድርጎ ይከፍለዋል፤ በመካከሉ ከ90 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ተኩል እርምጃ አለ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሦስቱ ቀናት ይለያያሉ፦ በመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው 8 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው 20 ደቂቃ ያለማቋረጥ። ስድስተኛው ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ይልና እንደገና ይወጣል፤ ከዚያ ሰባተኛው 25፣ ስምንተኛው 28፣ ዘጠነኛው 30 ደቂቃ ያስሮጣሉ።

ብዙ ሰው የሚፈራው የአምስተኛውን ሳምንት ሦስተኛ ቀን ነው። 8 ደቂቃ ሮጦ፣ አርፎ፣ እንደገና 8 ደቂቃ የሮጠ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ «20 ደቂቃ ሳታቋርጥ» የሚል ትእዛዝ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን ደቂቃዎቹን ደምሯቸው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ልምምድ የሚሮጠው በድምሩ 8 ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ወደ 9። በሦስተኛውም 9። በአራተኛው 16! አምስተኛው ሳምንት ከዚያ ተነስቶ 15፣ 16፣ 20 እያለ ይሄዳል። ትልቁ ዝላይ እንግዲህ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሳምንት ያለው ነው፤ እግር የሚሸከመው ሩጫ በሰባት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የሚፈራው የ20 ደቂቃ ቀን ከቀደመው የሚበልጠው በ4 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የሚከብደው ለእግር ሳይሆን ለመንፈስ ነው።

ለምን ያሳስባል ቢባል፣ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሽ «አሁንማ ለመድኩት» ሲል ቅልጥም ገና አልተዘጋጀም። የአራተኛው ሳምንት ጭማሪ የሚያርፈው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ የቅልጥም ህመም እዚህ አካባቢ ብቅ ቢል አይግረማችሁ።

መፍትሔው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል አንድ ሳምንት መጨመር ነው። 3 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 4 ጊዜ፤ ድምሩ 12 ደቂቃ ሩጫ። ከ9 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 16 የሚያወጣ ደረጃ ይሆናል። ዘጠኙ ሳምንት ዐሥር ሆነ ብሎ የሚከሳችሁ የለም። በ20 ደቂቃው ቀን የተሰናከለ ሰውም ሳምንቱን ከአናቱ መድገም አያስፈልገውም፤ አንድ ቀን አርፎ 10 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 10 ደቂቃ ሩጫ ይሞክር። በሚቀጥለው ልምምድ ያችን አንድ ደቂቃ ያውጣት።

ከደቂቃው ብዛት በላይ ጀማሪን የሚያስቀረው ግን ፍጥነት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። 60 ሰከንድ አጭር ናት። ትንፋሽ ሒሳቡን ሳይጠይቅ ታልቃለች፤ ስለዚህ ማንም በፈለገው ፍጥነት ሊጨርሳት ይችላል፣ ብዙውም ይፈተለካል። 90 ሰከንዷም እንደምንም ታልፋለች። 5 ደቂቃ ሲመጣ ያ ፍጥነት አያዛልቅም፤ ሰውየውም «እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም» ብሎ ጫማውን ይሰቅላል። ያልሆነለት ሩጫው ሳይሆን ፍጥነቱ ነበር። መለኪያው ንግግር ነው፦ እየሮጣችሁ ስምንት ዐሥር ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ድምፃችሁን አውጥታችሁ፣ መሀል ላይ ሳትቆርጡ ተናገሩ። ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ቁጥር ለሚወድ፣ ለብዙ ጀማሪ በኪሎ ሜትር ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ተኩል ይስማማል፤ ከዚያ ቢዘገይም ነውር የለውም። ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ሊቀድማችሁ ከደረሰ ፍጥነቱን አግኝታችሁታል ማለት ነው።

ሲሮጡ የእያንዳንዱን እርምጃ ርዝመት ማሳጠርም ይረዳል። እግር ከጉልበት ፊት ርቆ ሲያርፍ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን እንደመርገጥ ይሆናል፤ ምቱን የሚቀበለው ጉልበት ነው። ፍጥነትን ሳይነኩ በደቂቃ የሚረገጠውን እርምጃ ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር በጉልበትና በዳሌ ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ለመቁጠር የቀኝ እግራችሁን እርምጃ ብቻ ለ30 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። 38 ከቆጠራችሁ በደቂቃ 152 እርምጃ ነው፤ 40 ወይም 41 ለማድረስ ሞክሩ። ከዚያ በላይ መታገል አያስፈልግም።

በስሙ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ተገቢ ነው። መርሐ ግብሩ የሚያልቀው በ30 ደቂቃ እንጂ በ5 ኪሎ ሜትር አይደለም። 5 ኪሎ ሜትርን በ30 ደቂቃ ለመጨረስ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መሮጥ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ለአዲስ ሯጭ ፈጣን ነው። በ7 ደቂቃ የሚሮጥ 4.3 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ8 ደቂቃ የሚሮጥ 3.75 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ርቀቱን ለማሟላት ሲባል የሚደረግ ጥድፊያ ዘጠኝ ሳምንት የተለፋበትን ያበላሻል። ፍጥነቱን ትቶ ሦስት ሳምንት መጨመር ይሻላል፦ 33፣ 36፣ 40 ደቂቃ። በ8 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው 40 ደቂቃ ማለት ድፍን 5 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለ ህመም ሠንጠረዡ ዝም ይላል፤ የድምፅ ቅጂዎቹም «ካመማችሁ አቁሙ» ከማለት ብዙ አያልፉም። ለይቶ ማወቅ ግን ይቻላል። የቅልጥም ውስጠኛ ጎን ላይ ሰፋ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ይዞ የሚሰማና ሲሞቅ የሚቀንስ ህመም የጫና መብዛት ምልክት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን አርፎ ያለፈውን ሳምንት መድገም፣ ከአስፋልት ወደ አፈር መንገድ መዞር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። በአንድ ጣት ጫፍ «እዚህ ጋ» ብላችሁ የምታሳዩት፣ እየሮጣችሁ የሚብስ፣ ሌሊት ተኝታችሁም የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ይቁምና ሐኪም ይየው። የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ተሰምቶ ደረጃ ሲወረድ የሚያይል ህመም ብዙ ጊዜ ከረጅም እርምጃና ከቁልቁለት ጋር ይያያዛል። ጎን ላይ የሚይዝ ውጋት አደጋ የለውም፤ ዘገም በሉ፣ የሚወጋውን ቦታ ጫን አድርጋችሁ ትንፋሽን እስከ መጨረሻው አውጡ። ሆድ ሞልቶ ወይም ብዙ ጠጥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚሮጥ ሰው ላይ ይበረታል። የደረት ህመም፣ ራስን የመሳት ስሜት፣ የልብ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ጫማ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር፣ ተረከዝ አይንሸራተት፣ ሲለካ የሩጫ ካልሲ ይደረግ። እግር ቀኑን ሙሉ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይመረጣል። የሩጫ ጫማ በተለምዶ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የ27ቱ ልምምዶች ርቀት እርምጃው ተጨምሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው። ስለዚህ በዚህ መርሐ ግብር ጫማ አያልቅም። ሶሉ ውስጥ የካርቦን ዝርግ ያለበት የውድድር ጫማ ለዚህ ፍጥነት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከመተግበሪያዎቹ መካከል የብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ ያወጣው ነጻ ነው፤ የሚመራችሁን ድምፅ ትመርጣላችሁ፣ መቼ መሮጥ መቼ መራመድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፣ ግማሽ ላይ ስትደርሱም ያሳውቃል። ሰዓት ማየት አለመኖሩ ትልቅ ጥቅም ነው። ማንኛውንም መተግበሪያ ስትመርጡ ፍጥነት የሚያስነብበውን ክፍል መዝጋት እንደሚቻል አረጋግጡ፤ ጀማሪ ቁጥር ሲሰማ ከቁጥሩ ጋር መሽቀዳደም ይጀምራል። ሳምንት መድገም የማይፈቅድ መተግበሪያ ደግሞ ከወረቀት ሠንጠረዥ ያንሳል።

አሁን ወደ ብርጭቆው። መጀመሪያ፣ ቢራ የማይጠጣ ሰው ሮጥኩ ብሎ መጀመር የለበትም፤ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ላይ ያለና መኪና ይዞ የሚመለስም ይህን ክፍል ይዝለለው። ለሌላው ሰው ጥያቄው «ይጎዳኛል ወይ?» ሳይሆን «ምን ያህል፣ የትኛው፣ መቼ?» ነው። የትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ ከፋብሪካው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ብርጭቆ ከሌላው እጥፍ አልኮል ሊይዝ ይችላል፣ ዓይን ደግሞ አይለየውም። ሒሳቡ አጭር ነው፤ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ፣ ከዚያ በ0.789 አባዙ። 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ፒልስነር (ቀለል ያለ ብጫ ቢራ) 13 ግራም አልኮል አለው። ያው መጠን 7 በመቶ አይፒኤ (መራራና ሽታው የጎላ ቢራ) ከሆነ 18 ግራም። 10 በመቶ ኢምፔሪያል ስታውት (ጥቁርና ኃይለኛ ቢራ) ከሆነ 26 ግራም፤ አንድ ብርጭቆ ተብሎ ሁለት ፒልስነር ተጠጣ ማለት ነው። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ስለሆነ ይህን ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል።

ኃይሉንም አስሉት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 280 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ያቃጥላል። ግማሽ ሊትር 5 በመቶ ቢራ ወደ 210 ይመልስለታል። ክብደት ለመቀነስ የሚሮጥ ሰው ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲያዝ ሩጫውን ሙሉ በሙሉ መሰረዙን ይወቅ። ለጤናና ለመንፈሱ የሚሮጥ ሰው ይህ ብዙ አያስጨንቀው።

«ቢራ የወጣውን ላብ ይተካል» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዛን ሺሬፍስና ሮናልድ ሞን ሰዎችን በእንቅስቃሴ ላብ አስወጥተው ከ0 እስከ 4 በመቶ አልኮል ያለበት ቢራ አጠጧቸው። እስከ 2 በመቶ ያለው ያን ያህል ልዩነት አላሳየም፤ 4 በመቶው ግን ሽንት የማብዛትና የደም መጠን ወደ ቦታው የሚመለስበትን ጊዜ የማዘግየት ዝንባሌ አሳየ። እንግዲህ ጥማት የሚቆረጠው በውሃ ነው። በግማሽ ሰዓት ሶምሶማ የሚወጣው ላብ እንደ አየሩና እንደ ሰውየው ከግማሽ ሊትር ወረድ ወይም ከፍ ይላል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ጨው ያለበት ምግብ፣ ከዚያ ቢራ። ቅደም ተከተሉ ሌላም ጥቅም አለው፦ የጠማው ሰው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳያጣጥም በሁለት ጉንጭ ይጨርሰዋል፤ ጠማቂው የለፋበት ሁሉ ለጥማት ይውላል።

ቀኑ ከመጠኑ ባልተናነሰ ይቆጠራል። ማታ የተጠጣ አልኮል እንቅልፍን ቶሎ ያመጣል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል፤ ጠዋት የልብ ምት ከወትሮው ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ያው የትናንቱ ፍጥነትም ዛሬ ይከብዳል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚያስሮጥ መርሐ ግብር ግን ለዚህ ቦታ አለው። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ የሚሮጥ ሰው የቢራው ቀን ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ያርፋል፣ ቀጣዩ ሩጫ ሰኞ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ማታ ይለፉ። ከሩጫ በፊት አንዲት ብርጭቆም ቢሆን ቦታ የላትም። ቅልጥም ወይም ቁርጭምጭሚት አብጦ ከሆነም በዚያ ቀን ቢራው ይቅር፤ አልኮል ህመሙን ያደበዝዛል፣ ሰውም ያላገገመ እግር ይዞ ይሮጣል።

ለሯጭ የሚመቸው ቢራ ደካማ ግን ጣዕም ያለው ነው፤ ትንንሽ ጠማቂዎች ከትልልቆቹ የሚበልጡትም እዚህ ላይ ነው። በርሊነር ቫይሰ የሚባለው ጎምዛዛ የስንዴ ቢራ ከ2.8 እስከ 3.8 በመቶ ነው፤ ከሩጫ በኋላ ከእሱ የሚሻል መኖሩ ያጠራጥራል። ዳርክ ማይልድ የሚባለው ጠቆር ያለ ቢራና ቢተር የሚባለው ቀለል ያለ የእንግሊዝ ቢራ ከ4 በመቶ በታች ሆነው የብቅል ጣዕማቸው ሙሉ ነው። ጎዘ የሚባለው የጀርመን ጎምዛዛ ቢራ በጨው ስለሚጠመቅ አንዳንዱ ሻጭ የስፖርተኛ መጠጥ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ ጨው ስላለው አልኮሉ አይጠፋም፣ ከ4 በመቶ በላይ ነውና። ፒልስነርና ኮልሽ የሚባለው የጀርመን ብጫ ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ናቸው። አይፒኤ ከ5.5 እስከ 7.5፣ ደብል አይፒኤ እስከ 10፣ ኢምፔሪያል ስታውት እስከ 12 በመቶ ይሄዳሉ። ቀለም አያታልላችሁ፦ ጥቁሩ የአየርላንድ ዓይነት ስታውት 4 ከምናምን በመቶ ነው፣ ጭማቂ የመሰለው ብጫ ደብል አይፒኤ ደግሞ እጥፉ ነው። አራት ትንንሽ ብርጭቆ ለቅምሻ ሲቀርብም አትናቁት፤ እያንዳንዷ 125 ሚሊ ሊትር፣ አማካዩ 6 በመቶ ከሆነ ድምሩ 24 ግራም ገደማ አልኮል ነው። ሲቀመስ ከደካማው ወደ ኃይለኛው፣ መራራው መጨረሻ ላይ።

ድራፍት የምታዙ ከሆነ ጠማቂውን ከመመዘናችሁ በፊት ብርጭቆውን ተመልከቱ። ከአረፋው በታች ግድግዳው ላይ የተለጠፉ አረፋዎች ካሉ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም፤ ቅባት ወይም ሳሙና ቀርቶበታል። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ በእያንዳንዱ ጉንጭ አረፋው ቀለበት እየሠራ ይወርዳል። ቀጥሎ ማሽተት ነው። ቅቤ ቅቤ ወይም ሆምጣጤ የሚሸት ድራፍት ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ቧንቧ ምልክት ነው፤ የአሜሪካ የጠማቂዎች ማኅበር ቧንቧ ቢያንስ በየ14 ቀኑ እንዲታጠብ ይመክራል። «መቼ ታጠበ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥሩ ቤት አይቆጣም፣ ቀኑን ይነግራችኋል። ሆን ተብሎ ጎምዛዛ ተደርጎ የተጠመቀ ቢራ መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ያለበለዚያ በርሊነር ቫይሰን «ተበላሽቷል» ብሎ እንደመመለስ ይሆናል። በረዶ የሆነ ብርጭቆም አትቀበሉ። ፒልስነር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ደስ ይላል፣ ስታውት ግን ከ10 እስከ 13 ድረስ ሞቅ ካላለ ጣዕሙን አያወጣም።

ለቤት ሲገዛ የታሸገበት ቀን ይነበብ። የሆፕ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው ተክል) ሽታ ላይ የቆመ ቢራ፣ በተለይ ደፍራሹ አይፒኤ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦም በሦስት ወር ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ከቆየ ሽታው ይጠፋና እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ይተካዋል፤ ኦክስጅን የገባበት ቢራ ምልክት ነው። ኢምፔሪያል ስታውት ግን ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ብርሃን ሆፕን ስለሚያበላሽ ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ከቆየ ይሸታል፤ ቡናማ ይሻላል፣ ቆርቆሮ ከሁሉም ይሻላል።

አልኮል የሌለው ቢራ ዛሬ ቀድሞ ከነበረው በጣም ተሻሽሏል፤ በብዙ አገር ይህን ስም የሚይዘው ከ0.5 በመቶ በታች የሆነው ነው። ለሰኞና ለረቡዕ ማታ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፤ የስንዴው ዓይነት ደግሞ ከሁሉም ይጣፍጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሙኒክ ማራቶን ሯጮች ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ አልኮል የሌለው የስንዴ ቢራ ሲጠጡ ጉንፋንና መሰል የመተንፈሻ ሕመም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ሰዎቹ የጠጡት ግን በቀን ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ነው፣ የሮጡትም ማራቶን ነው፤ 20 ደቂቃ ለሮጠ ሰው ይህን እንደ መድኃኒት መሸጥ ማጋነን ነው።

ሩጫውንና ቢራውን ከሰው ጋር ለሚፈልግ ሁለት መንገድ አለ። ፓርክረን በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት የሚካሄድ ነጻ የ5 ኪሎ ሜትር ዝግጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ በ13 ሯጮች ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። መራመድ ይፈቀዳል፣ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ስላለ መጨረሻ መውጣት አይቻልም፤ 40 ደቂቃውን ለጨረሰ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም፣ ቀኑም የቢራው ቀን ነው። ሁለተኛው ሐሽ ሀውስ ሃሪየርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ኩዋላ ላምፑር ላይ አልበርት ጊስፐርትና ጓደኞቹ የጀመሩት፣ በዱቄት ወይም በወረቀት የተበተነ ዱካ እየተከተሉ ሮጠው መጨረሻ ላይ ቢራ የሚጠጡበት ስብስብ ነው። ዱካው ሆን ተብሎ ስለሚቋረጥ ፊት ያሉት መንገድ ሲፈልጉ ኋላ የቀሩት ይደርሳሉ፤ ለዘገምተኛ ሯጭ ይመቻል። ርቀቱ ግን አስቀድሞ አይታወቅም፣ መሬቱም ጭቃና ገደላገደል ሊሆን ስለሚችል ከስምንተኛው ሳምንት በፊት አይመከርም።

ጠማቂዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት የሩጫ ቡድንም በብዙ ቦታ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ፣ የመጨረሻውን ሯጭ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን፣ ውሃ ከቢራው በፊት መቅረቡን ጠይቁ። አጭሩ ዙር 5 ኪሎ ሜትር ሆኖ እናንተ ገና ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከሆናችሁ የራሳችሁን ሩጫና እርምጃ በሰዓት ይዛችሁ ዙሩን ግማሹ ላይ ቁረጡት። አራት ዙር ሮጦ በየዙሩ አንድ ቢራ የሚጠጣበት «ቢር ማይል» የሚባል ውድድር ግብዣ ከመጣ ግን ለማየት ብቻ ሂዱ።